በባሕር ላይ እግርን ስለ መጫማት

ለቤተ ሰብ አሳዳጊ የእግር ነገር ትንሽ ነገር መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን እግር የታመመ እንደ ሆነ ትምህርቱም ሥራውም ጨዋታውም አብሮት ይታመማል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለ እግር ነው፤ ይኸውም ዊንድሰርፊንግ የተባለውን የባሕር ጨዋታ የሚማር ልጅ ኒዮፕሪን ከሚባለው ነገር የተሠራውን ጫማ ቢጫማ ይሻለዋልን፥ ወይስ በባዶ እግሩ ቢሆን ይሻለዋል ስለሚባለው ክርክር ነው።

ነገሩ ለደጋ ሰው ሩቅ መስሎ ቢታይም ሩቅ አይደለም። ወገኖቻችን በእስራኤል አገር፥ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ፥ በኤውሮጳና በአሜሪካ የባሕር ዳር ከተሞች ቤት መሥርተው ልጆች ያሳድጋሉ። የባሕር ዳር ልጆች የሚጫወቱትን ጨዋታ የእነርሱም ልጆች ሊጫወቱት ይወዳሉ። አባትና እናት ግን በልጅነታቸው ባላዩት ነገር ልጃቸው ምክር ሲጠይቃቸው መልሱ ይቸግራቸዋል። ሻጩ ጫማውን ግዙ ይላል፤ የልጁ ጓደኛ ደግሞ ጫማ የፈሪ ነው ይላል። እኛ ከሁለቱም ወገን ሳንሆን ነገሩን በየመልኩ እንመረምረዋለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በኤውሮጳ አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።

የጨዋታው ዓይነት

ዊንድሰርፊንግ ማለት አንድ ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ፥ በሳንቃው ላይ የተተከለውን ሸራ በሁለት እጁ ይዞ፥ ነፋሱ እየገፋው በውሃ ላይ የሚሄድበት ጨዋታ ነው። ሸራውን የተሸከመው ምሰሶ በሥሩ ወደ ሁሉም ወገን የሚታጠፍ መጋጠሚያ አለው። ሰውየውም ሸራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዘነበለ፥ በእግሩም ሳንቃውን እየተጫነ ወደሚሻው አቅጣጫ ይሄዳል። እንደ ጀልባ የሚጨበጥ መሪ የለውም፤ መሪው የገዛ ሰውነቱ ነው። ሳንቃው የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅለትም እግሩ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ኒውማን ዳርቢ የተባለ አሜሪካዊ በፔንሲልቫንያ ሸራ ያለው ሳንቃ ሠርቶ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ሆይል ሽዋይትዘርና ጂም ድሬክ የተባሉ ሁለት የካሊፎርንያ ሰዎች በሁሉም ወገን የሚታጠፍ ምሰሶ ላለው ሳንቃ የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ መብቱም በ1970 ዓ.ም. ተሰጣቸው። ጨዋታው በ1984 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ለወንዶች፥ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና ለሴቶች በኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። በእስራኤል አገር በተለይ የተከበረ ነው፤ ለዚያ አገር የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ በ2004 ዓ.ም. በአቴና ያስገኘው ጋል ፍሪድማን የዚሁ ጨዋታ ሰው ነበር። ደግሞም በ2024 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ፥ ውድድሩ በማርሴይ ባሕር ሲደረግ፥ ቶም ሬውቬኒ የተባለው የዚያው አገር ወጣት ወርቅ አግኝቷል። እንዲህ ያለውን የሰማ ልጅ ሳንቃና ሸራ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

የጫማው ዓይነት

ኒዮፕሪን በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የምርምር ቤት፥ ዋላስ ካሮዘርስ በሚመራቸው ሰዎች እጅ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ለባሕር ልብስ የሚሆነው ኒዮፕሪን በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር አረፋ እንዲቋጥር ሆኖ ይሠራል። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሂዩ ብራድነር የተባለ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ፥ በባሕር ውስጥ ያለ ሰው እንዳይበርደው የግድ ደረቅ መሆን እንደማያስፈልገው ተረድቶ፥ ከዚህ ጎማ የጠላቂዎችን ልብስ ሠራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ ወደ 25 እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ይወስዳል። ጫማው በእግር ላይ ልክ ሆኖ ሲጠብቅ በጫማውና በቆዳው መካከል ጥቂት ውሃ ብቻ ይገባል፤ ያንንም ውሃ እግሩ ራሱ ያሞቀዋል። በጎማው ውስጥ ያለው አረፋም ሙቀቱን ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ የባሕር ጫማ እግርን የሚያሞቅ እንጂ የሚያደርቅ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ጫማው ውሃ አስገባ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል።

ስለ ባዶ እግር የሚነገረው

ባዶ እግርን የሚመርጡ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ውስጥ እግር ብዙ ስሜት ያለበት የአካል ክፍል ነው። ሳንቃው ጥቂት ሲያዘነብል፥ ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፥ ዐይን ከማየቱ በፊት እግር ያውቀዋል። ጣቶችም ሳንቃውን ቆንጠጥ አድርገው ይይዛሉ። በመካከል የጎማ ሶል በገባ ጊዜ ይህ ስሜት ይደክማል፤ ሶሉም በወፈረ መጠን ስሜቱ ይበልጥ ይርቃል። ደግሞም ልክ ያልሆነ ጫማ ውሃ ይሞላና ይከብዳል፤ እግርም በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

ከዚህ ጋራ የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ። የሳንቃው ፊት እግር እንዳያዳልጥ ተብሎ ሻካራ ሆኖ ስለሚሠራ፥ አዲስ ተማሪ በባዶ እግሩ ብዙ ሰዓት ቢጫወት ቆዳው ይላጣል፥ ውሃም ይቋጥራል። ይህ ግን ቆዳው ሲጠነክር የሚቀል ነገር ነው። እንግዲህ ውሃው ሞቃት፥ የባሕሩ ዳር ጥሩ አሸዋ፥ ጨዋታውም ከዳር የማይርቅ ከሆነ ባዶ እግር መሆን የሚነቀፍ አይደለም።

ስለ ጫማ የሚነገረው

ጫማን የሚያስመርጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ብርድ፥ ሁለተኛው የባሕሩ ወለል ነው።

በሰሜን ኤውሮጳ የብርዱ ነገር ክርክር የሚያስነሣ አይደለም። በእንግሊዝና በሆላንድ ጠረፍ በክረምት የሚጫወት ሰው ያለ ጫማ ቢገባ እግሩ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ደግሞ ሳንቃውን ስለማያውቀው ባዶ እግር የተመረጠበት ጥቅም ያን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ባሕር ስሜትን የሚጠብቀው ጫማው ራሱ ነው።

በኤይላት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤይላት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ያለች የእስራኤል ወደብ ናት። ውሃዋ በክረምት እንኳ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ እግርን የሚያሠጋው ብርዱ አይደለም፤ የሚያሠጋው ወለሉ ነው። በዚያ ኮራል የተባለው እንደ ድንጋይ የጠነከረ፥ ጫፉ ቆዳን የሚቀድድ የባሕር ፍጥረት አለ። ረዣዥም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርትም የታወቀ ነው፤ በ2023 ዓ.ም. በተነገረው ብርቱ በሽታ ቁጥሩ እጅግ አነሰ እንጂ ባሕሩ ከእሾህ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው የድንጋይ ዓሣ የሚባለው ነው፤ መልኩ ድንጋይ መስሎ፥ ሳይንቀሳቀስ በወለሉ ላይ ይተኛል። በጀርባው መርዝ ያለባቸው 13 እሾሆች አሉት፤ የረገጠውም ሰው ብርቱ ሥቃይ ያገኘዋል። በሜዲቴራንያን ባሕርም በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ እሾሁን ብቻ ወደ ላይ የሚያወጣ ሌላ መርዘኛ ዓሣ አለ።

በዚህ ላይ አንድ ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው የሚነሣበትን ዳር አይተው፥ አሸዋ መሆኑን መርምረው፥ ጫማ አያስፈልግም ይላሉ። ነገር ግን ተማሪ በተነሣበት ቦታ ላይመለስ ይችላል። በኤይላት ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ሸራውን መግዛት ያቃተው ልጅ ነፋሱ ወዲያ ይገፋውና ባላሰበው ስፍራ፥ ምናልባትም ኮራል ባለበት ዳር፥ ሳንቃውን እየጎተተ በእግሩ ለመውጣት ይገደዳል። ስለዚህ ጫማ የሚመረጠው ለመነሻው ዳር ሳይሆን ሊወድቁበት ለሚችሉት ዳር ነው።

ነገር ግን ጫማ ያደረገ ሰው ሁሉን ልርገጥ አይበል። የድንጋይ ዓሣ እሾህ ስስ ሶል ሊበሳ ይችላል። ኮራልም ሕያው ፍጥረት ስለ ሆነ በረገጡት ጊዜ ይሞታል፤ ብዙ ዓመትም የወሰደው እድገት በአንድ እርምጃ ይጠፋል። ጫማው ለመከራ ጊዜ የተሰጠ ጠባቂ ነው እንጂ ለመራገጥ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር፤ የእግር ጠፍር

እስከ አሁን የተናገርነውን ሻጩም አስተማሪውም ይናገሩታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ፈጣን በሆኑት ሳንቃዎች ላይ እግር የሚገባባቸው ጠፍሮች አሉ፤ ሥራቸውም ተጫዋቹ በፍጥነትና በማዕበል ላይ ከሳንቃው እንዳይለይ ማድረግ ነው። ይህን ጠፍር ለመረዳት ከፈረስ እርካብ የተሻለ ምሳሌ የለም። የጥንቱ የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሲጋልብ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነበር፤ እርካቡም ለጣት እንጂ ለመላው እግር አልተሠራም ነበር። እንዲህ በመሆኑ ፈረሰኛው ከኮርቻው ቢወድቅ መላው እግሩ በእርካቡ ውስጥ አይቀረቀርም። ጫማ ለሚጫማ ፈረሰኛ ግን እርካቡ ሰፍቶ መሠራት አስፈለገው። እንግዲህ እርካብ በእግሩ ልክ እንዲሠራ፥ የሳንቃም ጠፍር እንደዚሁ በእግሩ ልክ መሆን አለበት።

በባዶ እግር የተለካ ጠፍር ለተጫማ እግር ይጠብባል። ተጫዋቹ በወደቀ ጊዜ ሰውነቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ እግሩ በጠፍሩ ተይዞ ይቀራል። በተጫማ እግር የተለካ ጠፍር ደግሞ ለባዶ እግር ይሰፋል፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ወደ ውስጥ ይገባና እንደዚሁ ይጠመዳል። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት በሕክምና የታወቀ ነው፤ በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በሊስፍራንክ ስም በሚጠራው የእግር መካከለኛ መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል። ሐኪሞችም በእርካብ በተያዘ ፈረሰኛና በጠፍር በተያዘ የባሕር ተጫዋች ላይ ያዩታል።

ይህ ጉዳት ወለምታ መስሎ ሰውን ያታልላል። የእግሩ መካከል ያበጠ፥ በውስጥ እግር በኩል ደም የቋጠረ፥ እግሩንም ተጭኖ መቆም ያቃተው ልጅ ቢኖር፥ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ ወስዶ ማሳሸት አይገባም። ያለ መዘግየት ሐኪም ዘንድ ወስዶ በራጅ ማስመርመር ይገባል፤ ሳይታወቅ የቆየ እንደ ሆነ ልጁን ለብዙ ዘመን ሊያነክሰው ይችላልና።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው። ጫማ የለወጠ ሁሉ ጠፍሩንም ይለውጥ። ልጁ ከመግባቱ በፊት ጫማውን አርጥቦና አድርጎ በዳር ቆሞ እግሩን በጠፍሩ ውስጥ ያግባ፤ ጣቶቹ በወዲያኛው ወገን ይታዩ፥ እግሩም ሳይታገል ወደ ኋላ ይውጣ። ይህን ለመሞከር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ስለ አገዛዝና ስለ አያያዝ

ጫማ ስትገዙ የምናሳስባችሁ ዋና ነገር አለ። በእኛ ቤት የልጅ ጫማ ሲገዛ «እንዲያድግበት» ተብሎ ሰፋ ያለው ይመረጣል። ለትምህርት ቤት ጫማ ይህ ቁጠባ ነው፤ ለባሕር ጫማ ግን አደጋ ነው። ሰፊ የባሕር ጫማ ውሃ ይሞላል፥ አያሞቅም፥ በእግር ላይም ይዞራል፤ በጠፍሩ ውስጥም አብጦ ይያዛል። የባሕር ጫማ ጣትን ሳያጣጥፍ እንደ ካልሲ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ሁልጊዜ አዲስ መግዛት የማይችል ቤተ ሰብ ከታላቅ ለታናሽ ቢያወርስ ወይም ከጎረቤት ጋራ ቢለዋወጥ ይሻለዋል እንጂ ሰፊ አይግዛ።

ውፍረቱን በሚመለከት ለሞቃት ባሕር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለቀዝቃዛ ባሕር 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም መግዛት ስሜትን ያለ ጥቅም መሸጥ ነው። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ለይቶ የሚይዝ ዓይነትም አለ፤ ጥቅሙ እግር በጫማው ውስጥ እንዳይዞር ማድረግ ነው። ከተጫወቱ በኋላ ጫማውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ይገባል፤ ፀሓይ ጎማውን ያደርቀዋል፥ ይሰነጥቀዋልም።

በአገር ቤት ላሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። የኒዮፕሪን ጫማ ከቢልሃርዝያ አያድንም። የዚህ በሽታ ትል የሚኖረው በጨው ባሕር ሳይሆን እንደ ጣናና እንደ ዝዋይ ባለ ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ በቆዳም በኩል ይገባል። ጫማው ውሃ ያስገባል፥ የቀረውም አካል ራቁቱን ነው። ስለዚህ ጫማ አድርጌአለሁ ብሎ በእንዲህ ያለ ውሃ መታመን አይገባም።

አደጋ ቢደርስ

ልጁ መርዘኛ ዓሣ የረገጠ እንደ ሆነ ከውሃ አውጥታችሁ፥ እግሩን ሊታገሡት በሚቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ አኑሩት፤ ሙቀት የመርዙን ኃይል ያደክመዋልና። ውሃው ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። የታመመ እግር ትኩሳቱን በትክክል ላይለይ ስለሚችል ውሃውን በቅድሚያ በጤነኛ እጅ ሞክሩት። የድንጋይ ዓሣ ከሆነ ወይም ከተጠረጠረ ግን ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሙቁን ውሃ በመንገድም መቀጠል ይቻላል።

የባሕር ጃርት እሾህ ከሆነ ጫፉ የሚታየውን በወረንጦ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። እሾሁ ተሰባሪ ስለ ሆነ የተቀበረውን በመርፌ መቆፈር አይገባም፤ ላይ ላዩን ያለውን ኮምጣጤ ያለሰልሰዋል። ከመጋጠሚያ አጠገብ የገባውን ግን ለሐኪም መተው ይሻላል። ኮራል የቀደደውን ቁስል በንጹሕ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል። በሁሉም ጊዜ ልጁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተቡን ማረጋገጥ አትርሱ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ባዶ እግር የጀግና፥ ጫማም የፈሪ ምልክት አይደለም። ውሃው ሲሞቅ፥ ወለሉ በርቀትም በቅርብም አሸዋ ሲሆን፥ በባዶ እግር መጫወት መልካም ነው። ውሃው ሲበርድ፥ ወለሉ ሳይታወቅ፥ ነፋሱም ወደ ሌላ ዳር ሊወስድ የሚችል ሲሆን ጫማ ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ጠፍሩ በእግሩ ልክ ይሁን።

ገንዘባችሁ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። በመጀመሪያ ልጁ ዋና ይማር፤ ቀጥሎ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይኑረው፤ ከዚያም ከደኅና አስተማሪ ዘንድ ይግባ፤ ጫማው ከዚህ በኋላ ይምጣ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ጫማ እግርን ይጠብቃል፤ ልጁን የሚጠብቀው ግን ትምህርቱና በዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ነው።